ስለ ፒክአፕ መኪና ባትሪ አመራረጥ
(በሬዲዮ ከተነገረው)

ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ነገር ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ይኸውም የፒክአፕ መኪና ባትሪ ደክሞ ሌላ መተካት ባስፈለገ ጊዜ የትኛውን መርጦ መግዛት እንደሚገባ ነው። ነገሩን እንዳነሣው ያስገደደኝ በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አካባቢ የሆነ አንድ ጉዳይ ስለ ሆነ፣ አስቀድሜ እሱን ልተርክላችሁ።

ከጎረቤቶቻችን መካከል አንድ ሽማግሌ ናፍጣ የምትጠጣ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ አሏቸው። ይህች መኪና ቀን ቀን ድንችና የባሕር ዛፍ እንጨት ትጭናለች፤ ወር በገባ በ16ኛው ቀን ወደ ጸበሉ የሚመጡትን ደካሞችና ሕመምተኞች ታመላልሳለች፤ ሌሊት ደግሞ ሰው በታመመ ጊዜ የመንደሩ ሁሉ ተስፋ እርሷ ናት። በዚያ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አንዲት ወጣት ሴት ምጥ ያዛት። ባሏ የሽማግሌውን በር አንኳኳ። እሳቸውም ጋቢያቸውን እንደ ተከናነቡ ወጥተው ቁልፉን ቢያዞሩ፣ ሞቶሪኖው «ጠቅ» ብሎ ዝም አለ። ዳግመኛም አዞሩት፤ አሁንም «ጠቅ» ብቻ ሆነ። የፊት መብራቱ እንኳ እንደ ጧፍ ደብዝዞ ነበር።

በእንጦጦ የሚኖር ባለመኪና ሁሉ እንደሚያደርገው፣ መኪናይቱ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት አድርጋ ቆማ ስለ ነበር፣ ስድስት ሰዎች ሆነን ገፋናት። ሞተሩ የተነሣው ግን ከመጀመሪያው ኩርባ በኋላ ነው። ሞተር ባልተነሣበት መኪና ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ መሪውም አይታዘዝም፤ ስለዚህ ሴትዮዋን ከኋላ ያስተኛናት እኛ፣ ያቺ ኩርባ እስክታልፍ ድረስ ትንፋሻችንን ውጠን ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እግዚአብሔር ይመስገን፤ በሰላም ደርሳ በሰላም ተገላገለች።

በማግሥቱ ሽማግሌውን፣ «ባትሪው ስንት ጊዜው ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ከገዛሁት አራት ወሩ ነው፤ አዲስ ነው ብለው ሸጡልኝ» አሉኝ። ኮፋኖውን ከፍተን ስንመለከተው ከላይ የተለጠፈው ወረቀት በእርጥበት ተላጥቶ፣ ከሥሩ ሌላ አሮጌ ወረቀት ብቅ ብሏል። ሣጥኑ ታጥቦና ቀለም ተቀብቶ የተሸጠ ያገለገለ ባትሪ ኖሯል! የሸጠላቸውን ሱቅ ስም መጥራት አያስፈልግም። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ባትሪ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብና የጋራዥ ሰዎችን ስጠይቅ ሰንብቻለሁ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የመኪና ባትሪ ኤሌክትሪክን እንደ ውሃ በጋን ውስጥ የሚያጠራቅም ዕቃ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እንዲህ አይደለም። በውስጡ የእርሳስ ሰሌዳዎችና ከውሃ ጋራ የተደባለቀ ሰልፈሪክ አሲድ አለ። አሲዱ ከሰሌዳዎቹ ጋራ ሲዋሐድ ኤሌክትሪክ ይወለዳል፤ ዲናሞው መልሶ ኤሌክትሪክ ሲያስገባበት ደግሞ ያ ውሕደት ተፈትቶ ሁሉም ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ይህን ዐይነት ባትሪ በመጀመሪያ የሠራው ጋስቶን ፕላንቴ የተባለው ፈረንሳዊ ሲሆን ጊዜውም በአውሮፓ አቈጣጠር 1859 ዓ.ም. ነው። ከ160 ዓመት በላይ ዐልፎ እንኳ መሠረቱ አልተለወጠም፤ ይህ በመኪና ዕቃዎች መካከል ብርቅ የሆነ ዕድሜ ነው። ባለ 12 ቮልት የምንለው ባትሪ በውስጡ ስድስት ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱ ክፍል 2.1 ቮልት ያህል ስለሚሰጥ፣ የሞላና ያረፈ ባትሪ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12.2 ካሳየ ግማሽ ያህሉ ብቻ ቀርቷል ማለት ነው፤ ከ12 በታች ከወረደ ግን ባዶ ወደ መሆኑ ተጠግቷል። በቍጥር ሲታይ የሞላውና የባዶው ልዩነት አንድ ቮልት እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ «12 ያሳያልና ደኅና ነው» የሚለው አነጋገር ብዙዎችን አሳስቷል።

የእንጦጦን ጉዳይ የተለየ የሚያደርገው ብርዱ ነው። የተራራው ጫፍ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ጥርት ሲል ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል። በብርድ ጊዜ በባትሪው ውስጥ ያለው ውሕደት ይዘገያል፤ በ0 ዲግሪ አካባቢ የሞላ ባትሪ እንኳ ሞቅ ባለ ሰዓት ከሚሰጠው የማስነሻ ኃይል ሲሶ ያህሉን ያጣል። በዚያው ሰዓት ደግሞ የሞተሩ ዘይት እንደ ቀዘቀዘ ማር ስለሚወፍር ሞቶሪኖው የሚጠይቀው ኃይል ይጨምራል። ሰጪው ሲቀንስ ጠያቂው ጨመረ ማለት ነው።

በዚህ ላይ ናፍጣ የሚጠጣ ሞተር ካንዴላ በሚጭረው እሳት አይነሣም። አየሩን ከ18 እስከ 22 ጊዜ አምቆ በሚያገኘው ሙቀት ነው ናፍጣውን የሚያነደው። ይህን ያህል ለማመቅ ሞቶሪኖው ብርቱ ጕልበት ያስፈልገዋል፤ በመነሻዋ ቅጽበት ከ200 አምፔር በላይ ይስባል። በእንጦጦ ከፍታ ደግሞ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር ሲሶ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፣ ሞተሩ ቶሎ አይዝም፤ ሞቶሪኖውም ረዘም ላለ ጊዜ መዞር ይኖርበታል። ስለዚህ አንድ ባትሪ በቃሊቲ ሜዳ መኪናን በደንብ ስላስነሣ ብቻ በኪዳነ ምሕረት ዳገት ላይም ያስነሣል ብሎ መደምደም ስሕተት ነው።

ዳሩ ግን ባትሪን የሚገድለው ብርድ እንዳይመስላችሁ። የሚገድለው ሙቀት ነው። ሙቀት ውሃውን ያተናል፤ የሰሌዳዎቹን ብረት ይበላል፤ የባትሪውንም ዕድሜ ያሳጥራል። የሽማግሌው ፒክአፕ በበጋ እስከ መተሐራና አዋሽ ወርዳ ሽንኩርት ትጭናለች። በዚያ ቈላ በሞተሩ ግለት የተጎዳው ባትሪ ሕመሙን ደብቆ ይመለስና በእንጦጦ ውርጭ ሌሊት ይወድቃል። ሙቀት ይገድለዋል፤ ብርድ መርዶውን ያረዳል። ባለቤቱ ግን ሁልጊዜ ብርዱን ይወቅሳል።

እንግዲህ ባትሪ ለመግዛት ገንዘብ ከመቍጠራችሁ በፊት፣ በእርግጥ የሞተው ባትሪው መሆኑን አረጋግጡ። ይህን የምለው አዲስ ባትሪ ገዝተው በሁለተኛው ሳምንት ያው ችግር የተመለሰባቸውን ሰዎች ስለማውቅ ነው። በመጀመሪያ የባትሪው ራሶች ላይ ነጭና ሰማያዊ መሳይ ዝገት ካለ፣ በሙቅ ውሃና በጥቂት ቤኪንግ ሶዳ ታጥቦ በብረት ብሩሽ ይጠረግ። ከባትሪው ወደ ሞተሩ አካል የሚሄደው ወፍራም ሽቦ የላላ እንደ ሆነ ይጥበቅ። ቀጥሎ ሞተሩ ተነሥቶ ሳለ ባትሪው ላይ ይለካ፤ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ካሳየ ዲናሞው ሥራውን ይሠራል። ከ13 በታች ከሆነ ጥፋቱ በዲናሞው ወይም በላላ ቺንጋ ነውና፣ አዲስ ባትሪ ብታስገቡ እሱንም ያደርቀዋል። ከ15 በላይ ከሆነ ደግሞ ባትሪውን ቀቅሎ ይጨርሰዋል። መለኪያው ብዙ ዋጋ የማያወጣ ዕቃ ስለ ሆነ፣ ለሦስትና ለአራት ጎረቤት አንድ ቢኖር ይበቃል።

ይህ ሁሉ ተመርምሮ ባትሪው መሞቱ ከታወቀ ወደ ገበያ መሄድ ነው። እኔና ሽማግሌውም መርካቶ ሶማሌ ተራ ወረድን። በዚያ ሻጮቹ በመጀመሪያ የሚጠይቁት፣ «ስንት አምፔር?» ብለው ነው። ጥያቄው ደኅና ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። 70 አምፔር ሰዓት ማለት ባትሪው ለረጅም ሰዓት ጥቂት ጥቂት ሲሰጥ ያለው ጠቅላላ መጠን ነው፤ በውርጭ ሌሊት በአንድ ጊዜ ምን ያህል እንደሚወረውር ግን አይናገርም። ይህን የሚናገረው በባትሪው ላይ «ሲ ሲ ኤ» በሚሉ ሦስት የላቲን ፊደሎች የተጻፈው ቍጥር ነው። ትርጕሙም ባትሪው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ሆኖ፣ ቮልቱ ከ7.2 ሳይወርድ፣ ለ30 ሰኮንድ ሊሰጥ የሚችለው አምፔር ማለት ነው። እንጦጦ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ እንደማይደርስ የታወቀ ነው፤ ቢሆንም ሁለት ባትሪዎችን ለማወዳደር ከዚህ የተሻለ ሚዛን የለም። ሁለቱም 70 አምፔር ሰዓት ተብለው ሳለ በዚህ ቍጥር ብዙ የሚራራቁ ይገኛሉ። ለደጋ ሰው የሚበጀው በዚህ ቍጥር ከፍ ያለው ነው።

በጃፓን ለተሠሩት ፒክአፖች፣ ማለትም እንደ ቶዮታ ሃይሉክስና እንደ አይሱዙ ላሉት፣ ባትሪው ላይ የሚጻፈው ምልክት የተለየ ነው። ለምሳሌ «80 ዲ 26 አር» የሚል ይገኛል። የመጀመሪያው ቍጥር የባትሪውን ብርታት ደረጃ ያሳያል፤ ከፍ ባለ ቍጥር ብርታቱ ይጨምራል። «ዲ» የሚለው ፊደል የወርዱንና የቁመቱን ልክ ይነግራል፤ 26 ደግሞ ርዝመቱ 26 ሳንቲ ሜትር ያህል መሆኑን ነው። የመጨረሻው ፊደል «አር» ወይም «ኤል» ሲሆን የባትሪው ራሶች በየትኛው ወገን እንዳሉ ያመለክታል። ይህን ፊደል የናቀ ሰው፣ የመደመሪያው ምልክት ያለበት ሽቦ አልደርስ ሲለው ባትሪውን አዙሮ በግድ ሊያስገባ ይሞክራል፤ ሽቦው ከተሳሳተ ደግሞ የዲናሞው ዳዮዶች በቅጽበት ይቃጠላሉ። ስለዚህ አሮጌውን ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ፤ አዲሱን ከጎኑ አስቀምጡና የሁለቱም ራሶች ወደ እናንተ ዞረው ሳለ አስተያዩ። ከማንኛውም ሻጭ ቃል ይልቅ ይህ ይታመናል።

«ትልቅ ባትሪ ዲናሞና ሞቶሪኖ ያቃጥላል» የሚለውን ወሬ በየጋራዡ ሰምቻለሁ። እውነት አይደለም። ሞቶሪኖ የሚስበው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው፤ ሰፊ ምንጭ ያጠጣል እንጂ በግድ አያስጠጣም። ከማስቀመጫው ጋራ እስከ ገጠመና ኮፋኖውን እስካልነካ ድረስ በመጠኑ ከፍ ያለውን መምረጥ ይቻላል። ፈጽሞ የደረቀን ትልቅ ባትሪ በዲናሞ ብቻ ለመሙላት መሞከር ግን ዲናሞውን ያግለዋልና፣ እንዲህ ያለው ባትሪ በቻርጀር ይሞላ።

ቀጥሎ የሚታየው ዕድሜው ነው። ባትሪ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃል። አሲድ የተሞላ ባትሪ ብዙ ወር ሳይሞላ ከቈየ በሰሌዳዎቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይጠጥራል፤ የጠጠረውም በኋላ ቢሞሉት አይፈታም። የተሠራበትን ወርና ዓመት የሚገልጽ ምልክት በሣጥኑ ወይም በራሱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ ሻጩ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ ሊያሳይ ካልፈለገ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ። ከስድስት ወር በላይ የቈየ ከሆነ ዋጋው ቢቀነስላችሁ እንኳ በፊታችሁ ተለክቶ ከ12.4 በታች ካሳየ ተዉት። በደረቁ፣ ማለት ያለ አሲድ የሚሸጠው ግን ክዳኑ እስካልተከፈተ ድረስ ረዘም ላለ ጊዜ ይቈያል፤ አሲዱ ከተሞላበት በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ዐርፎ በቻርጀር ቢሞላ ይመረጣል። ራሶቹንም በጣታችሁ ዳስሱ። አዲስ ባትሪ ራሱ ለስላሳ ነው፤ የጭረትና የመፍቻ ጠባሳ ካለበት መኪና ላይ ታስሮ ያውቃል። የእኛ ሽማግሌ ይህን ዐውቀው ቢሆን ኖሮ ያ ሌሊት ባልመጣም ነበር።

ስለ ሦስቱ ዐይነት ባትሪዎች ጥቂት ልበል። ክዳኑ ተከፍቶ ውሃ የሚጨመርበት፣ ተዘግቶ የተሸጠና ውሃ የማይሻ፣ እንዲሁም አሲዱ በመስታወት ክር ምንጣፍ የተመጠጠበት አሉ። የመጨረሻው ውድ ነው፤ የተሠራውም በየመብራቱ ሞተራቸውን ለሚያጠፉ ዘመናዊ መኪናዎች ስለ ሆነ ለአሮጌ ፒክአፕ ግድ አይደለም። ከሁለቱ መካከል እኔ ወደ ቈላ ለሚወርድ ሰው ክዳኑ የሚከፈተውን እመርጣለሁ፤ የተነነውን ውሃ መተካት ይቻላልና። የምትጨምሩት ግን የተጣራ የባትሪ ውሃ ይሁን። የምንጭ ውሃ ለመጠጥ የቱንም ያህል የጠራ ቢሆን በውስጡ ማዕድን አለው፤ ማዕድኑም ሰሌዳውን ያበላሻል። አሲድ ደግሞ አትጨምሩ፤ የሚተነው ውሃው ነው እንጂ አሲዱ አይደለም።

ሁለት ባትሪ ስላላቸው መኪናዎች የሚጠይቁኝ አሉ። አንዳንድ የናፍጣ ላንድክሩዘሮችና አነስተኛ የአይሱዙ ጭነት መኪናዎች ሁለት ይይዛሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአንዳንዱ ሁለቱ ተቀጣጥለው 24 ቮልት ይሰጣሉ፤ በሌላው ጎን ለጎን ተጣምረው ቮልቱ 12 ሆኖ ይቀርና ጕልበቱ ይጨምራል። በሁለቱም ዘንድ ሕጉ አንድ ነው፤ ሁለቱ ባትሪዎች በዐይነት፣ በመጠንና በዕድሜ እኩል ይሁኑ፤ የሚተኩትም በአንድ ቀን ነው። «አንዱ ገና ደኅና ነው» ብሎ አንዱን ብቻ የተካ ሰው፣ እንደ ጥንድ በሬ አንዱን ወይፈን ሌላውን ሽማግሌ አድርጎ ጠመደ ማለት ነው፤ ደካማው ብርቱውን ይጎትታል፤ በጥቂት ወር ውስጥም ሁለቱ ይተካከላሉ፤ የሚተካከሉት ግን በድካም ነው። ባለ 24 ቮልት በሆነ መኪና ላይ ደግሞ ሬዲዮ ለማሠራት ከሁለቱ ከአንደኛው ብቻ 12 ቮልት መቀጠል የተለመደ ጥፋት ነው። ያ የሚታለበው ሳይሞላ ይቀራል፤ ጓደኛው ያለ ልክ ይሞላል፤ ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ይጠፋሉ። እኔ የሬዲዮ ሰው ሆኜ ይህን መናገሬ ይገርም ይሆናል፤ ነገር ግን ቮልቱን አሳንሶ የሚሰጥ መሣሪያ ሳይገዙ እንዲህ ካለው መኪና ሬዲዮ አይደመጥ።

ባትሪ ሲፈታ በመጀመሪያ የመቀነሻ ምልክት ያለበት ሽቦ ይነሣል፤ ሲታሰር ግን እሱ የመጨረሻው ይሆናል። ይህ ትእዛዝ ያለ ምክንያት አልተሰጠም። መፍቻው የመኪናውን አካል ቢነካ ብልጭታው ከባትሪው የሚወጣውን ሃይድሮጅን ሊያቀጣጥልና ባትሪውን ሊያፈነዳ ይችላል፤ በዚህ ዐይናቸውን ያጡ አሉ። በእንጦጦ ኮረኮንች መንገድ ደግሞ ባትሪው በማሰሪያ ብረቱ ጥብቅ ብሎ መታሰር አለበት። ከካላማዳሪያ በተቈረጠ ላስቲክ የታሰረውን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ላስቲኩ ይረገባል፤ ባትሪው ይደልቃል፤ በሰሌዳዎቹ ላይ የተለሰነውም ነገር ረግፎ ከታች ይከማቻል። እንዲህ የሞተውን ባትሪ ማንም አያድነውም።

ከገበያ ስንመለስ ሽማግሌው፣ «ይህን ያህል ብር ለአንድ ሣጥን!» እያሉ ሲያጕረመርሙ ነበር። አልፈረድሁባቸውም፤ ዋጋው በእርግጥ ከባድ ነው። ሆኖም በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መንግሥት ከወሰነ ወዲህ፣ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ያለችውን ከመጠበቅ በስተቀር ብዙ ምርጫ የለውም። በነገራችን ላይ የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ከትልቁ ባትሪያቸው ሌላ ለመብራትና ለመቈጣጠሪያው ይህንኑ የመሰለ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አብዛኞቹ ይይዛሉ፤ እሱ ሲሞት እነሱም በራቸውን አልከፍት ይላሉ።

አሁን የቀረው የአሮጌው ባትሪ ነገር ነው። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እርሳስ ስለ ሆነ የሚገዛው ሰው አይጠፋም። ክፋቱ አንዳንዶች በግቢያቸው ሣጥኑን ሰብረው አሲዱን መሬት ላይ ያፈሱታል፤ እርሳሱንም በከሰል እሳት ያቀልጡታል። የእርሳስ ጢስና ትቢያ በሕፃናት አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የማይመለስ ነው፤ ምልክቱም ቶሎ አይታይም፤ ልጁ ትምህርት አልገባው ሲል «ሰነፍ ነው» ተብሎ ይቀራል። ጓሮው ተዳፋት በሆነበት በእኛ መንደር ደግሞ ከላይ የፈሰሰው ሁሉ ወደ ታች ጎረቤት ይወርዳል። ስለዚህ አሮጌውን ሳትከፍቱ፣ ሳታጋድሙ፣ አዲሱን ለገዛችሁበት ነጋዴ መልሱ፤ ብዙዎቹ ከዋጋው ይቀንሱላችኋል። ሽማግሌውም እንዲሁ አደረጉ።

በየካቲት 15 ቀን፣ በኪዳነ ምሕረት በዓል ዋዜማ ሌሊት፣ ፒክአፒቱ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣች። እሳቸው ግን ዛሬም አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት አድርገው ነው የሚያቆሟት። በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ሰዓት በዳገትና በቁልቁለት መንገድ ስለ ፍሬን አያያዝ እናገራለሁ።